መነሻ ግራቪቲዬ ለምን ዝቅ አለ? ድሬዳዋና ሐረር ላይ ቤታቸው ቢራ ለሚጠምቁ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤቴ ቢራ መጥመቅ ከጀመርኩ ወዲህ ስልኬ ላይ በብዛት የሚገባው ፎቶ የሃይድሮሜትር (ፈሳሽ ላይ ተንሳፎ ክብደቱን የሚለካ መሣሪያ) ፎቶ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የተንጋደደ፣ ግማሹ በአረፋ የተሸፈነ ነው። ከስሩ አንድ መስመር አለች፦ «አቦ 1.034 አለኝ፤ 1.048 ነበር የጠበቅኩት። ብቅሉ ነው አይደል?»

ብቅሉ ሊሆን ይችላል። ግን ድሬ ላይ ብቅሉ ከመወቀሱ በፊት ሙቀቱ ይጠየቃል። መልሶቹን ያስቀመጥኩት እኔ ራሴ በምጠረጥርበት ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ መለኪያው፣ ቀጥሎ የውሃው መጠን፣ ከዚያ ወፍጮው። ብቅሉ ተራው ሲደርስ ይመጣል።

መነሻ ግራቪቲ ምንድነው?

ብቅሉን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈን የምናወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ዎርት ይባላል። እርሾ ከመግባቱ በፊት ዎርቱ ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚነግረን ቁጥር ነው መነሻ ግራቪቲ። ውሃ 1.000 ነው። ዎርታችሁ 1.048 ካለ ከእኩል መጠን ውሃ በ4.8 በመቶ ይከብዳል። ያከበደው በአብዛኛው ስኳር ነው፤ እርሾ ስኳሩን በልቶ አልኮል ያደርገዋል።

1.048 ጀምሮ 1.010 ላይ የቆመ ቢራ አልኮሉ 5 በመቶ አካባቢ ነው። 1.034 ጀምሮ 1.008 ላይ የቆመ ደግሞ 3.4 በመቶ ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ምላስ ላይም ይታወቃል።

ዎርቱ ገና ሙቅ እያለ ለካሁት። ችግር አለው?

አለው። እንዲያውም እኔ ጋ ከሚመጡት «ችግሮች» አብዛኞቹ እዚሁ ያልቃሉ።

ፈሳሽ ሲሞቅ ይሳሳል። ሲሳሳ ሃይድሮሜትሩ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ቁጥሩም ዝቅ ይላል። ስኳሩ የትም አልሄደም። ብዙዎቹ ሃይድሮሜትሮች የተሠሩት ለ20 ዲግሪ ነው፤ ወረቀቱ ላይ በትንሹ ተጽፏል፣ እዩት። በ40 ዲግሪ ከለካችሁ ያነበባችሁት ላይ 6 ነጥብ ደምሩ (አንድ ነጥብ 0.001 ነው)። በ50 ከሆነ 10። በ60 ከሆነ 15። እንግዲህ በ50 ዲግሪ 1.034 ያለው ዎርት እውነተኛ ቁጥሩ 1.044 ነው። ፎቶውን የላከው ሰውዬ ለዚህ ነው ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረው።

አዲስ አበባ ያለ ሰው «በክፍሉ ሙቀት ለካው» ቢላችሁ ለእሱ ልክ ነው። ሳቢያን ውስጥ ሰኔ ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ሙቀት 32 ዲግሪ ነው። «በርዷል» ብላችሁ የለካችሁት ዎርት ራሱ 3 ነጥብ ይሰርቃችኋል።

እኔ ናሙናውን በብርጭቆ ቀድቼ፣ በሳህን ከድኜ ፍሪጅ ውስጥ አስገባዋለሁ። ቴርሞሜትር ከትቼ 20 ሲል አወጣዋለሁ። መብራት ከሌለ ብርጭቆውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ንፋስ ያለበት አስቀምጠዋለሁ፤ 20 ባይደርስም ይቀርባል። ለቀረው እደምራለሁ። መክደን አትርሱ። ሳይከደን የቆየ ናሙና ውሃው ይተንና ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይሆናል፤ ያኛው ውሸት ደግሞ ደስ ስለሚል ማንም አይጠይቀኝም።

ሃይድሮሜትሩ ራሱ ቢበላሽስ?

ይበላሻል። ውስጡ ያለው ወረቀት ከተለጠፈበት ተንሸራቶ ያገኘሁት አንድ ጊዜ አይደለም። ንጹህ ውሃ ውስጥ ክተቱት፣ በ20 ዲግሪ 1.000 ማለት አለበት። ከቧንቧ ቀጥታ የወረደ የድሬ ውሃ ላይ ከሞከራችሁ ግን 0.997 ቢል አትደንግጡ። ውሃው 30 ዲግሪ ስለሆነ ነው እንጂ መሣሪያው ደህና ነው።

ስታነቡ ዓይናችሁን ከፈሳሹ ገጽ እኩል አድርጉ። ሃይድሮሜትሩን በጣታችሁ አሽከርክሩት፣ የተጣበቀው አረፋ ይለቅቃል።

ቴርሞሜትሬን በሚፈላ ውሃ ሞከርኩት። 96 ነው ያለው። 4 ዲግሪ እየደመርኩ ልጠቀም?

በፍጹም! ይሄ ስህተት እኔንም አንድ ክረምት ሙሉ አጃጅሎኛል።

ውሃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፤ እዚያ 94 ገደማ ነው። 96 ያለው ቴርሞሜትር እውነቱን ነው የተናገረው።

እኔ ግን «4 ዲግሪ ያጎድላል» ብዬ ወሰንኩ። ቴርሞሜትሩ 62 ሲል «66 ነው» ብዬ ብቅሉን ዘፈዘፍኩ። የገብስ ስታርች በደንብ ተፈትቶ፣ ወደ ስኳር የሚቀይረው የብቅሉ ኢንዛይም እንዲደርስበት 65 እስከ 67 ዲግሪ ይመቸዋል። በ62 ሥራው ይንቀራፈፋል። ለአንድ ሰዓት ነው የምዘፈዝፈው፤ በዚያች ሰዓት አላለቀም። ሦስት ጊዜ ጠመቅኩ፣ ሦስቱም ጊዜ ዝቅ አለ። ብቅል ቀየርኩ፣ ድስት ቀየርኩ። ጥፋተኛው ከቁጥር ጋር የተጨቃጨቅኩት እኔው ነበርኩ።

ከልክ በላይ ማሞቅም አለ። ከ75 ዲግሪ ካለፈ ኢንዛይሙ ቶሎ ይሞታል። የፈላ ውሃ ብቅሉ ላይ የሚገለብጥ ሰው ስታርቹን እንደ ገንፎ ያበስለዋል እንጂ ስኳር አያገኝበትም።

20 ሊትር ነው የጠመቅኩት። መጠኑ ልክ ነው።

በምን ለካህ? ብዬ ስጠይቅ መልሱ «በጀሪካን» ነው። ቢጫው የዘይት ጀሪካን 20 ሊትር ይባላል እንጂ እስከ አፉ ሲሞላ ከዚያ በላይ ይይዛል። 20 ሊትር ቢሆን 1.048 የሚሆነው ዎርት 22 ሊትር ሲሆን 1.044 ብቻ ነው። ስኳሩ ያው ነው፣ ውሃው ነው የበዛው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስጡ ለዚህ ሥራ። የ2 ሊትር ሃይላንድ ይዛችሁ እየቆጠራችሁ ባልዲው ውስጥ ገልብጡ። በየ2 ሊትሩ በማርከር መስመር አስምሩ። ድስቱንም በእንጨት ማማሰያ ላይ ምልክት እያደረጋችሁ እንዲሁ። ማማሰያዬ ላይ ያሉትን መስመሮች ባለቤቴ የልጁ ቁመት መለኪያ መስሏት ነበር።

ሌላው ከመጠን ጋር የሚሄደው መቀላቀል ነው። ዎርቱ አንሶባችሁ ላዩ ላይ ውሃ ከጨመራችሁ ውሃው ከላይ ይንሳፈፋል፣ ከባዱ ዎርት ታች ይተኛል። ከላይ ቀድታችሁ ከለካችሁ 1.025 ልታዩ ትችላላችሁ። ንጹህ ማማሰያ ይዛችሁ ክንዳችሁ እስኪደክም አማስሉና እንደገና ለኩ።

ብቅሉን ምን ያህል ላስፈጨው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ መለኪያውና መጠኑ ልክ ሆነው ቁጥሩ ከወረደ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይሄ ነው።

ወፍጮ ቤት ገብታችሁ «ብቅል ነው» ስትሉ ባለ ወፍጮው ለጠላ ይመስለውና ዱቄት ያደርገዋል። ዱቄት ስኳሩን በደንብ ይሰጣል፣ ግን ገለባው ስለሚደቅ ሲጠለል እንደ ሊጥ ይዘጋል። እኔ ያንን ፈርቼ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን «ሻካራ አድርገው፣ በጣም ሻካራ» አልኩት። ሰውዬው ታዛዥ ነው፤ ድንጋዩን አላልቶ አሳለፈው። ቤቴ ደርሼ አንድ እፍኝ ዘርግቼ ሳይ ግማሹ ፍሬ እንዳለ ነው። ድንጋዩ ዳሰሰው እንጂ አልሰበረውም። ያልተሰበረ ፍሬ ውስጥ ውሃ አይገባም፤ ስታርቹ እንደተቀመጠ ለዶሮ ይሄዳል። ያን ቀን 1.029 አገኘሁ። ዶሮዎቹ ግን ወፈሩ።

አሁን የምለው አንድ ቃል ነው፦ «እንደ ቅንጬ»። ቅንጬን የማያውቅ ባለ ወፍጮ የለም። እያንዳንዱ ፍሬ ሦስት አራት ቦታ ይሰበር፣ ገለባው በተቻለ መጠን ሳይደቅ ይቅር። መጀመሪያ ሁለት እፍኝ ብቻ አስፈጩና መዳፋችሁ ላይ እዩት። ሙሉ ፍሬ ከበዛ ድንጋዩን ጠበቅ ያድርግላችሁ፣ ወይም ሁለት ጊዜ ያሳልፈው። በሻሽ ከረጢት የምትጠምቁ ከቅንጬ ትንሽ አድቅቃችሁ ማስፈጨት ትችላላችሁ፤ ከረጢቱ ያጠልልላችኋል።

ከሰው በርበሬ በኋላ አታስፈጩ። ይሄ ከግራቪቲ ጋር አይገናኝም፣ ግን አንዴ ደርሶብኛል።

የቤት ብቅል ነው የምጠቀመው። ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ቁጥር ለምን አልደርስበትም?

ያ ቁጥር የእናንተ ስላልሆነ ነው። ከውጭ የሚገኘው አሠራር የሚያሰላው በፋብሪካ ብቅል ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 1 ኪሎ ጥሩ ብቅል ያለው ስኳር ሙሉ በሙሉ ወጥቶ 1 ሊትር ላይ ቢያርፍ 300 ነጥብ ገደማ ይሆናል። ማንም ሙሉውን አያወጣም። 70 በመቶ ካወጣችሁ ጎበዝ ናችሁ። 5 ኪሎ ብቅል፣ 20 ሊትር፣ 70 በመቶ፤ ውጤቱ 1.052 ነው። የእኔ የቤት ብቅል ግን 55 በመቶ አካባቢ ነው የሚሰጠኝ፤ ያው 5 ኪሎ 1.041 ይሆናል። ስለዚህ 1.052 ስፈልግ ወደ 6 ኪሎ ከግማሽ እጠቀማለሁ።

ጥሩ የቤት ብቅል ከመጥፎው የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፍሬውን በጥፍራችሁ በቁመቱ ሰንጥቁት። ከገለባው ስር የምትሄደው ቡቃያ የፍሬውን ርዝመት ሦስት አራተኛ ካልደረሰች ገና ነው። ፍሬውን አልፋ ከወጣች ደግሞ ስታርቹን ራሷ በልታዋለች። ሁለተኛ፣ ንከሱት። ጥሩ ብቅል ጥርስ ስር እንደ ጠመኔ ይፈረፈራል። ጫፉ ድንጋይ ከሆነ በደንብ አልበቀለም።

ድሬ ውስጥ ገብስ ማብቀል ፈተና ነው። ገብስ 15 እስከ 20 ዲግሪ ይወዳል። እዚህ በሙቀቱ አንዱ ፍሬ ይሮጣል፣ አንዱ ይቀራል፣ በሦስተኛው ቀን ሻጋታ ይሸታል። እኔ ትቼዋለሁ። የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ብቅል ከሚሸጡ እናት ነው የምገዛው። ስለ ኢንዛይም ብነግራቸው ሳቁና «ልጄ፣ ብቅል ከቸኮሉበት ያኮርፋል» አሉኝ። ቢራዬን ቀምሰው ጌሾ አነሰው ብለዋል፤ ቢራን የሚያመርረው ሆፕስ ነው ብዬ አልተከራከርኩም።

በፀሐይ የደረቀ ብቅል እርጥበቱ ከፋብሪካው ይበልጣል። ስትመዝኑት ከፊሉ ውሃ ነው። ቀለም እንዲይዝ ብላችሁ ሁሉንም ምጣድ ላይ ካመሳችሁት ደግሞ አሻሮ ሆነ ማለት ነው፤ ኢንዛይሙ ሞቷል። ለቀለም ጥቂቱን ብቻ አምሱ።

ማሽላ ብጠቀምስ? ሐረርጌ ሙሉ ማሽላ ነው።

ይቻላል፣ ግን እንደ ገብስ አድርጋችሁ አይሆንም። የገብስ ስታርች 65 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈታል። የማሽላው ግን 70 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ኢንዛይሙ ደግሞ እዚያ ሙቀት ላይ ብዙ አይቆይም። በ66 የተዘፈዘፈ ማሽላ ስታርቹን እንደያዘ ይወጣል።

መፍትሔው ማሽላውን አስቀድሞ ማብሰል ነው። አስፈጭታችሁ በብዙ ውሃ ለግማሽ ሰዓት እንደ ቀጭን አጥሚት አፍሉት። 66 ዲግሪ እስኪደርስ አብርዱና የገብስ ብቅሉን ጨምሩበት። ገብሱ ከጠቅላላው እህል ቢያንስ ግማሽ ይሁን፤ የእሱ ኢንዛይም ነው ማሽላውንም የሚፈታው።

የድሬ ውሃ ያስቸግራል የሚባለው እውነት ነው?

የሻይ ማፍያችሁን ታች እዩት። ያ ነጭ ቅርፊት ኖራ ነው። ውሃችን ከከርሰ ምድር የሚመጣ ጠንካራ ውሃ ነው፣ ባይካርቦኔቱ ብዙ ነው። ይሄ የዝፍዝፉን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ከፍ ሲል አሲዱ ይቀንሳል) ከፍ ያደርጋል። ኢንዛይሞቹ 5.2 እስከ 5.6 መካከል ነው ደስ ብሏቸው የሚሠሩት። ከዚያ ከወጣ ይሰንፋሉ፣ ቢራውም ጉሮሮ የሚይዝ ይሆናል።

እኔ ውሃውን ማታ አፍልቼ አሳድረዋለሁ። ኖራው ታች ይተኛል፣ ጠዋት ከላዩ ቀስ ብዬ እቀዳለሁ። ካልበቃ የአንድ ትንሽ ሎሚ ጭማቂ ለ15 ሊትር ጨምሬ በፒኤች ወረቀት አያለሁ። ገንዘብ ካላችሁ ግማሹን የታሸገ ውሃ አድርጉት። ጥቁር ቢራ የምትወዱ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። የታመሰ እህል ዝፍዝፉን ወደ አሲድ ይጎትተዋል፣ ውሃውም ብዙ አያስቸግራችሁም።

ዝፍዝፉ መሃል ላይ መብራት ሄደ።

ጋቢ። ድስቱን ክደኑና በሁለት ጋቢ ጠቅልሉት። ትልቅ ድስት ከሆነ በአንድ ሰዓት ጥቂት ዲግሪ ነው የሚወርደው። ከፍታችሁ አትዩ። እኔ አሁን መብራት እያለም በጋቢ ነው የምሠራው።

ስታርቹ አልቆ ስኳር መሆኑን በምን ልወቅ?

ከፋርማሲ አዮዲን ግዙ። አንድ ማንኪያ ዎርት ነጭ ሳህን ላይ አድርጉ፤ ገለባ አይግባበት። አንድ ጠብታ አዮዲን ጣል አድርጉበት። ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ስታርች አለ፤ ሌላ 20 ደቂቃ ጠብቁ። የአዮዲኑ ቡናማ ቀለም ካልተለወጠ ጨርሷል። ናሙናውን ድፉት፣ ወደ ድስቱ እንዳትመልሱት።

አልቆም ቁጥሩ ዝቅ ካለ ስኳሩ እህሉ ውስጥ ቀርቷል። አተላውን 75 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ ቀስ ብላችሁ አለቅልቁት። አንዴ ገልብጦ መጭመቅ ሳይሆን በጣሳ እየቀዱ በዝግታ ማፍሰስ ነው። በመጨረሻ የሚወርደውን ቅመሱ፤ ጣፋጭነቱ ከጠፋ ይብቃ።

ማታ እርሾ ጨምሬ ጠዋት ለካሁ። 1.031 አለ።

ያ መነሻ አይደለም። ድሬ ሙቀት ላይ እርሾ ሌሊቱን ሙሉ ሲበላ ነው ያደረው። የመነሻው ቁጥር አልፏችኋል፤ በሚቀጥለው እርሾው ከመግባቱ በፊት ለኩ።

እሺ፣ ሁሉንም አየሁ፤ እውነትም ዝቅ ብሏል። አሁን ምን ላድርግ?

እርሾ ካልገባ ማፍላቱ ምርጡ ነው። 22 ሊትር 1.038 ዎርት 19 ሊትር እስኪቀር ብታፈሉት 1.044 ይሆናል። ጋዝና ከሰል ይበላል፣ ቢራም ይቀንስባችኋል፤ ጣዕሙ ግን የብቅል ነው።

ስኳር ፈጣን ነው። 20 ሊትር ላይ 500 ግራም ስኳር 10 ነጥብ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚጎድለው። ከዚያ በላይ አልጨምርም፤ ስኳር አልኮሉን ይጨምራል እንጂ አካል አይሰጥም፣ ቢራው ውሃ ውሃ ይላል። 500 ግራም ማር 7 ነጥብ ገደማ ይሰጣል፣ ጠረኑም ደስ ይላል። ሁለቱንም በትንሽ ሙቅ ውሃ በጥብጣችሁ፣ አፍልታችሁ ጨምሩ፣ አማስሉ፣ እንደገና ለኩ።

ልድፋውስ?

ለምን? ያን 1.029 የሆነብኝን እንዳለ ጠመቅኩት። አልኮሉ 3 በመቶም አልደረሰም። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ድሬ አስፋልቱ በሚቀልጥበት ሰዓት፣ ከፍሪጅ አውጥቼ ለጎረቤቶቼ ቀዳሁ። «ምን አለበት ሁሌ እንዲህ ብታደርገው» አሉኝ። አሁን በግንቦትና በሰኔ ሆን ብዬ 1.034 ላይ ነው የምጠምቀው።